እግሩን ጉድጓድ ውስጥ የረሳው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ።

ቆዩ፣ ከመቀጠሌ በፊት ጥያቄውን ላስቀምጥ። ጥያቄ የሌለው ምሳሌ እጀታ የሌለው ማጭድ ነው፤ በየት በኩል እንደሚይዙት አይታወቅም። የጠየቀችኝ የጎረቤቴ ልጅ ኤፍራታ ናት። ኮሌጅ ትማራለች። ጤነኛ ናት፤ ጥርሷ ድንጋይ ይቆረጥማል። አንድ ቀን ከትምህርት ስትመለስ ደጄ ላይ አረፍ አለችና ስልኳን እየነካካች ጀመረችኝ።

«እማማ ዘርፌ፣ ጉድ ልንገርዎት። ሰውነትን ማዳመጥ የሚባል ነገር አመጡብን። አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ሰውነትን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ ናት የምታሠራን። ጫማ አውልቁ ትላለች። ወለሉ ላይ ቁሙ፣ ክብደታችሁ የትኛው እግራችሁ ላይ እንደወደቀ ልብ በሉ ትላለች። ከዚያ ተንጋለሉ፣ ትንፋሻችሁ እስከ የት እንደሚወርድ ተከታተሉ። ከዚያ ደግሞ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን እምምም እንላለን። እምምም! እንደ ንብ! እኔ ምኔን አመመኝ? ሕክምና ለታመመ ነው። ጤነኛ ሰው እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል? ብቀር ይሻላል አይደል?»

አብሬያት የምስቅ መስሏት ነበር። አሮጊት አዲስ ነገር ሲነገራት ትስቃለች ብለው ያስባሉ። ይሄን ሁሉ ስትለኝ አንገቷን እንደ ሽመላ ወደ ስልኩ አስግጋለች፤ አንዱ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ደርሷል። እሷ አላወቀችውም። እኔ አየሁት። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ዓይን ግን ከትምህርት ቤት አይገዛም።

«አንቺ ልጅ፣» አልኳት፣ «ምሳሌ ልንገርሽ። መሐል ላይ አታቋርጪኝ።»

አንድ ሸማኔ ነበረ። ወጣት ነው። ክንዱ የወይራ ግንድ፣ ደረቱ ከበሮ። ጉንፋን እንኳ ሲይዘው እናቱ አይታ አታውቅም። በዚያ አገር የሸማኔ ልጅ ሁሉ ሸማኔ ነው፤ እሱን የሚያህል ፈጣን ግን አልተወለደም። መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲያልፍ የወንጭፍ ድንጋይ ነው፤ ዓይን አይከተለውም። ገበያ የሚሄደው ሰው ሸክሙን አውርዶ ቆሞ ያየው ነበር። እሱም መታየቱን ያውቃል። ይወደዋልም። ሐቁን እንናገር ከተባለ የሚታይ ነበር፤ እኔ ያለ ነገር ሰው አላመሰግንም።

ሽመና ያላየ ሰው እንዳይደናገር ይሄን ልንገር። ሸማኔ ከመሬት በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። እዚያ መርገጫዎች አሉት፤ አንዱን ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ሌላውን ሲረግጥ የቀረው ግማሽ። እጁ ከላይ ሆኖ ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ በመወርወሪያው ይወረውራል፣ መትቶ ያጠብቃል። ሰው የሚያየው እጁን ነው፤ የሚያደንቀውም እጁን። እግሩን ማንም አያየውም፣ ጨለማ ውስጥ ነው። ይሄን ያዢልኝ።

ይህ ሸማኔ አንዲት ልጅ ወደደ። ፈታይ ናት። ክሯ የሸረሪት ድር ያህል ይቀጥናል፣ የጅማት ያህል ይጠነክራል። ምላሷም እንደዚያው ነው።

በዚያ አገር ደግሞ ወግ አለ። ሸማኔ ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ስለላከ ብቻ አያገኝም። ልጅቱ ትፈትላለች፣ እሱ በእሷ ፈትል ለአባቷ ጋቢ ይሠራል። ቀኑ ሲደርስ አባትየው ጋቢውን በሽማግሌዎች ፊት ይዘረጋና ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥሞ ያጥፈዋል። ጠርዞቹ ከተገናኙ ምርቃት ነው። ካልተገናኙ ጋቢው ለሠራው ይመለሳል፣ ልጅቱም አባቷ ቤት ትቀራለች። ፈትሏና ሽመናው ካልተስማሙ እነሱ እንዴት ይስማማሉ ነው ነገሩ። ሞኝነት ነው የሚል ካለ፣ በስልክ ፎቶ ተያይቶ ከመጋባት አይብስም እላለሁ።

ልጁ ጋቢውን ይዞ ሲመጣ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ አቅንቶ ነው። በዚያ ፍጥነት ጋቢ የጨረሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አባትየው ዘረጋው። ነጭ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ጥለቱ ያምራል። ሽማግሌዎቹ «ይበል!» አሉ። ከዚያ አጠፈው።

አልተገናኘም።

አንደኛው ጠርዝ ተሰብስቦ አጥሯል። ጋቢው ሁሉ የተኮሳተረ ሰው ፊት መስሎ ወደ አንድ ወገን ይስባል። አባትየው ገለበጠው፣ ጎተት ጎተት አደረገው፣ እንደገና አጠፈው። ያው ነው።

ልጁ ደሙ ፈላ። ሰው ፊት ወድቆ አያውቅም፤ ወድቆ የማያውቅ ሰው ሲወድቅ የሚይዘው አጠገቡ ያለውን ነው።

«ፈትሉ ነው» አለ። «ክሩ አንድ ዓይነት አይደለም። የኔ እጅ መቼ ተሳስቶ ያውቃል?»

ልጅቱ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። በዚያ አገር ልጃገረድ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። ወጣች።

«ምን አልክ?»

«እኔማ ክሩ…»

«ክሬን አትስደብ! እንዝርት የያዝኩት ጡት ሳልጥል ነው።»

«ልጄ፣ ግቢ» አለ አባቷ።

«እገባለሁ አባዬ» አለች፤ አልገባችም። ጎንበስ ብላ ያንን የተሰበሰበ ጠርዝ በሁለት ጣቷ መካከል አደረገችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ከዚያ ቀና አለች።

«የፈትል ጥፋት እንደ ፈንጣጣ ነው፤ እዚህም እዚያም ነው የሚታየው። ይሄ ግን ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ ወገን ነው የጎተተው። ይሄ ከክር አይመጣም። ከተቀማጩ ነው የሚመጣው።»

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ሳቃቸውን መደበቃቸው ነው። አባትየው አልሳቀም።

«ጋቢህን ውሰድ» አለው። «ልጄን የሰደበ አፍ ዛሬ ከኔ ገበታ አይቆርስም። ግን ወግ ወግ ነው፤ አንድ ጊዜ እንድትደግም ይፈቅድልሃል። ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ሥራ። ጉድጓድህ ውሃ የገባበት ቀን ጊዜህ አለቀ። ያኔም ካልተገናኘ ልጄን የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ፤ ደጄን ሲጠና ከርሟል።»

ልጁ ቤቱ ገባ። መርገጫውን ቀየረ። መወርወሪያውን ቀየረ። ድሩ የሚወጠርበትን እንጨት ነቅሎ ሌላ ተከለ። መሬቱ ያዘነበለ መስሎት ጉድጓዱን እንደ አዲስ ቆፈረ። ሁሉን ቀየረ፤ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን አልቀየረም። ትንሽ ሠርቶ አጥፎ ቢያየው ያው ወደዚያው ወገን ይስባል። ቆርጦ ጣለና እንደገና ጀመረ። አሁንም ያው። ሰማዩ ደግሞ ከሩቅ መጥቆር ጀምሯል።

በዚህ መሐል ልጅቱ አክስቷን አስከትላ ክር ልታቀብል መጣች። ክር ማቀበል ወግ ነው፣ አይከለከልም። አክስትየዋ ደጅ ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ ጆሮዋ ግን ቤት ውስጥ ነበር። ልጅቱ ክሩን አስቀምጣ አልወጣችም። ቆማ አየችው። ሰው እንደሚያየው እጁን አይደለም ያየችው።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

«ለምን?»

«ጨፍን። አልነክስህም።»

ጨፈነ።

«እጅህ የት ነው?»

«ይኸው፣ መወርወሪያው ላይ።»

«እግርህስ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ነዋ! የት ይሆናል?»

«ጉድጓድ ውስጥማ እንቁራሪትም ይገኛል። የትኛው እግርህ ነው የከበደው? ተረከዝህ መሬት ነክቷል ወይስ አልነካም? ጣቶችህ ምን እየሠሩ ነው?»

ያ መልስ አጥቶ የማያውቅ ሰው ግንባሩን ቋጠረ፣ አሰበ፣ ቆየ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዓይኑን እንደጨፈነ ጎንበስ አለና እጁን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ እግሩን ፈለገው። በእጁ! የራሱን እግር፣ ሣር ውስጥ እንደ ወደቀ መርፌ!

አክስትየዋ ከደጅ ሳቋን ለቀቀችው። «አገኘው? ካላገኘው ለጎረቤት ይነገር፣ አብረን እንፈልግለት!»

እጁ ግን አገኘው። ቀኝ እግሩ መርገጫውን በጣቶቹ እንደ ጭልፊት አንቆ ይዞታል። ግራው ሥራውን ትቶ ተኝቷል። ያንን ካወቀ በኋላ ሌላውም ተከትሎ መጣ። ሰውነቱ ሁሉ በአንድ ቂጡ ላይ ወድቋል፤ ጸያፍ አልተናገርኩም፣ ስሙ ነው። የቀኝ ትከሻው ተሰቅሏል። መንጋጋው አጥንት እንደ ነከሰ ጅብ ተቆልፏል። ትንፋሹን ይዞታል፤ ማጉን ሲወረውር ይይዛል፣ ሲመታ ይይዛል፣ ሲጨንቀው አንድ ጊዜ ይለቅና ደግሞ ይይዛል።

«መቼ ነው እንዲህ የሆንኩት?» አላት። ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

«እኔ ምን አውቄ። ገበያተኛ ቆሞ ያየህ ጊዜ ይመስለኛል።»

«ታምሜ ነው እንዴ?»

«ማን ታመምክ አለ? ታመህ ቢሆንማ ታውቀው ነበር። የታመመ እግር ጮኾ ይጠራሃል። ዝም ብሎ ጨርቅህን የሚያጣምምብህ ጤነኛው ነው።»

«አንቺስ ይሄን ከየት አወቅሽ?»

«ጥርሴን ነክሼ ስፈትል ክሩ ይወፍራል። ተናድጄ ስፈትል ይበጠሳል። እናቴ እንዝርቱን ከመስጠቷ በፊት ‹መጀመሪያ ተቀመጪ› ትለኝ ነበር። ተቀምጬ እያለሁ! ‹ተቀምጫለሁ እኮ› ስላት ‹አልተቀመጥሽም፣ ተሰቅለሻል› ትለኛለች። ያኔ በጣም እናደድባት ነበር።»

እኔ ይሄን ሸማኔ የማደንቀው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። በፍጥነቱ አይደለም፤ ፍጥነት ፍየልም አላት። ወንድ ልጅ በሚወዳት ሴት ፊት የራሱን እግር አጥቶ ሲገኝ፣ አክስትየዋም ከደጅ ስትስቅበት፣ ሌላው ቢሆን ክሩን ወርውሮ ይነሣ ነበር። እሱ ጠየቀ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ቁም» አለችው።

ከጉድጓዱ አውጥታ በባዶ እግሩ መሬት ላይ አቆመችው። ዓይኑን አስጨፈነችው። ወደ ፊት ዘንበል በል፣ ጣቶችህ መሬቱን ሊይዙ ሲሮጡ ልብ በል፤ ወደ ኋላ ዘንበል በል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ንፋስ እንዳገኘው ባሕር ዛፍ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ማንም ሳይዘው ቆመ። «እዚያ ነህ» አለችው። «አሁን ይሄንን ሰውዬ ይዘኸው ተቀመጥ።» ሲቀመጥ ሁለቱም ወገኑ እኩል መሬት እስኪያገኝ ጠበቀች። ማጉን ስትወረውር ትንፋሽህን ልቀቀው፣ አትሰርቀው አለችው። ሲለቀው ደረቱ ውስጥ የከረመ ድምፅ አብሮ ወጣ፤ እምምም አለ። ደነገጠ። «የኔ ነው?» አላት። «የእንቁራሪቱ አይደለም» አለች። አክስቷን አስነሥታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሸማኔው በየማለዳው ደጁ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲወዛወዝ መንደሩ ያየው ጀመር። መንደር ደግሞ ታውቂዋለሽ።

«ሸማኔው ሥር ሊያወጣ ነው!» ይላል አንዱ።

«ውሃ አጠጡት፣ ለመስከረም ያብባል!» ይላል ሌላው።

እየሰማ በማግስቱም ወጥቶ ቆመ። ሥራውም ቀዘቀዘ። ከእጁ ቀድሞ እግሩን መጠየቅ ነበረበት፣ ከእግሩ ቀድሞ ትንፋሹን። ገበያተኛው ሸክሙን ማውረድ ተወ፤ ምን ይታያል? አንድ ሰው ቀስ ብሎ እያጉረመረመ ይሠራል፣ በቃ። ፈጣን ሆኖ የኖረ ሰው ቀርፋፋ ሲባል ምን ያህል እንደሚያም የተባለ ያውቀዋል። ዳመናው ደግሞ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሶ ተቀምጧል። እሱ ግን ጋቢውን አጥፎ ለማየት አልተጣደፈም። እየዋለ እያደረ እጁም እየፈጠነ መጣ፤ የዚህ ጊዜው ፍጥነት ግን ሩጫ አልነበረም፣ የውሃ መውረድ ነበር።

ጋቢው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነጎድጓድ ጮኸ።

እጁ ቸኮለ። ልጅቱን አሰበ፣ ያንን ደጅ ሲጠና የከረመውን ሰው አሰበ፣ ወረወረ፣ መታ፣ ወረወረ፣ መታ። ሰማዩ ጠቆረ። እሱ ወረወረ። እና በዚያ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ቀኝ እግሩ ጣቶቹን ሰብስቦ መርገጫውን አነቀ።

አወቀው። ጎንበስ አላለም፣ እጁን አልሰደደም፣ ዓይኑን አላዞረም። እንዲሁ አወቀው።

ጨርቁ ላይ ምንም አይታይም። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ሌላ ሸማኔ ቢመጣና ቢመረምረው እንከን አያገኝበትም። ግን እሱ አወቀ፤ ጨርቁ ኋላ የሚናገረውን እግሩ አስቀድሞ ነገረው። መወርወሪያውን አስቀመጠ። ነጎድጓዱ ከጮኸ ወዲህ የሠራውን ማግ እያንዳንዱን ፈታው። ዝናብ ሲመጣ የሠሩትን መፍታት ምን ማለት እንደሆነ ለዚያ ሰው ልብ ልተወው። ከዚያ ትንፋሹን እስከ ታች ሰደደ። ትከሻው ወረደ። ሁለቱም ወገኑ መሬት አገኘ። እምምም አለና ጀመረ።

ዝናቡ መጣ። በጣራው ጮኸ፣ በደጁ ጎረፈ፣ በበሩ ሥር ገባ። ሸማኔው ይሠራል። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና እግሩን ነካው። ሁለቱንም ተረከዙን እኩል ነካው። ሳቀ። ብቻውን ተቀምጦ ሳቀ። ጊዜው እንዳለቀ አውቆ ጋቢውን እስከ ደረሰበት ቆረጠው። ከልኩ አንድ ክንድ ያህል ይጎድላል።

ደረቱ ሥር ሸጉጦ በዝናብ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ልጁ ጋቢውን ከመስጠቱ በፊት ቆመና፣ «አንድ ነገር ልናገር። ፈትሉ እንከን የለበትም፤ ያኔም አልነበረበትም። ጠማማው እኔ ነበርኩ» አለ። ጓዳ ውስጥ የሚሾር እንዝርት ቀጥ አለ።

አባትየው ዘረጋው።

«አጭር ነው!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«የሕፃን መጠቅለያ ነው እንጂ ጋቢ ነው ይሄ?» አለ ሌላው።

አባትየው አጠፈው። ጠርዙ ከጠርዙ ጋር እንደ መዳፍና መዳፍ ገጠመ። ገለበጠው፣ እንደገና አጠፈው። ገጠመ።

«ገጥሟል» አለ። «ግን ለምን አጠረ?»

«ነጎድጓድ ሲጮህ እግሬ ደነገጠ። እሱ ደንግጦ የሠራሁትን ፈታሁት፤ እንደገና ስሠራው ውሃው ደረሰብኝ።»

«እግርህ መደንገጡን ማን ነገረህ?»

«ራሱ።»

አባትየው ጋቢውን ተከናነበና መደቡ ላይ ጋደም አለ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውጭ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አጭር ነው» አለ አባትየው። እግሩን ወደ ላይ ሰበሰበ፣ ጋቢውን አለበሰው። «እግሬን ሰብስቤ እተኛለሁ። ጠማማ ለብሶ ከመዘርጋት ቀጥ ያለ ለብሶ መሰብሰብ ይሻላል። በሉ መርቁ።»

መረቁ። «አሜን» ሲባል ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«በእጁ ነው ያገኘው ወይስ ያለ እጁ?»

ሽማግሌዎቹ ምን እንደምትል አልገባቸውም። ሸማኔው ግን ገባው።

«ያለ እጄ!» ብሎ መለሰላት።

እንግዲህ ኤፍራታ፣ ሸማኔው አንቺ ነሽ። ጋቢው ገና የምትኖሪው ዕድሜ ነው፤ ድሩ ተወጥሯል፣ ማጉ ገና መግባቱ ነው። ጉድጓዱ ዓይንሽ የማያየው ሁሉ ነው፤ ወገብሽ፣ ትንፋሽሽ፣ መንጋጋሽ፣ ተረከዝሽ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ አታውቂም፤ ምክንያቱም ምንም አላመመሽም። እኛ አገር ሰው ጨጓራ እንዳለው የሚያውቀው ሲያቃጥለው ነው። ወገብ እንዳለው የሚያውቀው ሲቆርጠው ነው። ይሄ ዘመድን ለቅሶ ቤት ብቻ እየሄዱ እንደ መጠየቅ ነው። በደኅናው ቀን ደጁን ያልረገጥሽውን ዘመድ በክፉ ቀን አታውቂውም፤ እሱም አያውቅሽም።

ያቺ ፊዚዮቴራፒስት ፈታይዋ ናት። አይቻት አላውቅም፤ ግን አደንቃታለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ለሚጮኸው በሽታ ሲሮጥ እሷ ዝም ያለውን ጤና ቁጭ ብላ ትጠይቃለች። እናንተ ስትስቁባት እያየች ነገም ጫማ አውልቁ ትላለች። ይሄ ቀላል ልብ አይደለም። ያመመሽ ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ እምምም ብሎ ከወባ የዳነ የለም፣ እሷም እንዲያ አላለችሽም። እሷ ያለችው ‹ተቀመጪ› ነው። ‹ተቀምጫለሁ እኮ› አልሻት፤ ተሰቅለሻል የኔ ልጅ።

ይሄን ስጨርስ ኤፍራታ ጠየቀችኝ።

«ስለዚህ ልሂድ ነው የሚሉኝ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስልኩን አስቀምጪ።»

አስቀመጠች።

«አሁን እግርሽ የት ነው?»

ቁልቁል ልታይ አንገቷን ደፋች። አገጯን በጣቴ ያዝኩት።

«ሳታዪ።»

ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ልትስቅ አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ተወችው። ግንባሯ ተቋጠረ። በመንገዱ ሰው ያልፋል፣ አንድ የሚኒባስ ረዳት ይጮኻል፣ እሷ የለችም፤ ወደ ጉድጓዷ ወርዳለች።

«ግራው ነው የከበደው» አለች ቀስ ብላ። «ቀኙ… ቀኙ በጣቱ ቆሟል።»

ትንፋሿ ረዝሞ ወጣ። ከዚያ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ያ ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ወረደ።

«እማማ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ይሄ ሁሉ ጊዜ ተሰቅሎ ነበር እንዴ?»